ያልታሰረው ዓረፍተ ነገር

ልጅ ሳለሁ፣ ከፈረንጆች ቤት በሠራተኝነት የምታድረው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ዓርብ ዓርብ በዕረፍት ቀኗ ካርቲየ 1 በተባለው የወደብ ከተማችን ሰፈር ወደሚገኘው ግቢያችን እየመጣች፣ ወበቁ በረድ ሲል፣ ፋኖሱ ተለኩሶ ዓሣ የተጠበሰበት ፍም ዐመድ ሲለብስ ተረት ታወራልን ነበር። ያኔ አንድ ልማዷ ያናድደኝ ነበር፤ ልብ የሚነካው ስፍራ ላይ ስትደርስ ማሰሪያ አንቀጹን ትውጠዋለች። አንድ ዓርብ ልጇ በጀልባ ወደ የመን ስለ ተሻገረባት እናት ነገረችን። እናቲቱ ማታ ማታ ለልጇ በጣሳ ውኃ ታኖር ነበር፤ ጀልባዋ ባዶዋን ወደ ተመለሰችበት ዕለት ስትደርስ ግን እትዬ «ጣሳውን አነሣችና…» ብላ ዝም አለች።

«እትዬ፣ ከዚያስ ምን አደረገች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ፣ አንተ ደረቅ? ያየሃት አንተ።»

እውነትም አይቻት ነበር፤ ውኃውን ጠጣችው። እንቅልፍ የነሣኝም እትዬ የነገረችኝ ሳይሆን እኔው የጨረስኩት ነው።

በዓመቱ ማብቂያ ፈተና ይህንኑ ታሪክ በድርሰት ጻፍኩና እንደ እርሷ «አነሣችና» ላይ አቆምኩ። በሰዋስው የማይምሩት የአማርኛ መምህራችን ከክፍሉ ፊት አቁመውኝ ጮክ ብለው አነበቡትና ማሰሪያ አንቀጹን ካልጻፍኩ ክፍሉን እንደምደግም አስታወቁኝ።

«‹ሰበረችው› ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ከበደህ?»

«አልሰበረችውም፣ መምህር» አለች ከኋላ አንዲት ልጅ፤ «ደፋችው እንጂ።»

ሌላው አቅፋው ተኛች አለ። ክፍሉ ተተራመሰ፤ መምህሩም ሳይታወቃቸው በዓለም ስላልነበረች ሴት ከልጆች ጋር ይከራከሩ ጀመር። በመጨረሻ ብዕራቸውን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም፤ ክፍሉንም ደገምኩ።

ያኔ ግትርነቴን ማስረዳት አልችልም ነበር። በኋላ እኔም መምህር ሆኜ ብዙ ቀይ እርሳስ ፈጅቻለሁ፤ ስለ ንባብና ስለ አእምሮ የሚመራመሩ ሊቃውንት የጻፉትንም አገላብጫለሁ። የአንባቢ አእምሮ ከዓይኑ ቀድሞ እየገመተ እንደሚሮጥ፣ የጎደለውንም ከገዛ ሕይወቱ እያመጣ እንደሚሞላ ይናገራሉ። እትዬ ዘነበች ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ግን ታውቅ ነበር። ቋንቋችን ግሡን ከመጨረሻ ማኖሩን እኛ ሕግ ስንለው፣ እርሷ ለሰሚ የተተወ ቦታ አደረገችው።

ሰሞኑን አንድ ወጣት አርታኢ የልብ ወለዴን ረቂቅ መልሶልኛል፤ ባሏን የቀበረችው ሴት ከመቃብር ስትመለስ «አለቀሰች» የሚል እንድጨምር፣ አለዚያ አንባቢ ኀዘኗ እንደማይገባው ጽፎ። አንባቢን እንዲህ መናቅ አልተማርኩም። አንዲት ቃል ሳልጨምር መልሼ ልኬለታለሁ። ካላተመው ሌላ አታሚ እፈልጋለሁ፤ ዕድሜዬ ባይበቃም ረቂቁ ይጠብቅ። እንባዋን ግን አልጽፍላቸውም።