የባንቲሁን መላጊያና የእታለም ሎሚ

ባንቲሁን የሠራውን በር ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስትዞሩ፣ ከላይ ሲዘጋ ከታች ድመት የሚያሳልፍ በር ካያችሁ የእሱ ሥራ ነው። ጎረቤቱ ዙለይካ በሯን በገመድ አስራ ነው የምትተኛው። ሆኖም አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም፤ ባንቲሁንን መቆጣት ከባድ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል፣ የተሰበረ ወንበር ካየ ሳይለምኑት ወስዶ ይጠግናል። ወንበሩ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ማዘንበሉ ብቻ ነው ጣጣው።

ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ለምትኖር አንዲት ፈረንሳዊት የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቶላት ነበር። ሴትዮዋ ሆን ብሎ ያጣመመው መስሏት ለእንግዳ ሁሉ ስታሳይ ከርማ፣ አገሯ ስትገባ ጭና ወሰደችው። ባንቲሁን ይህን በኩራት ሲያወራልን ለምን እንደምንስቅ አይገባውም።

እኔ ጌቾ እባላለሁ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ወደብ ላይ ተራችን እስኪደርስ የምንበላው እታለም ቤት ነው። ወጧ ይጣፍጣል፣ አፏ ይለበልባል። የመጀመሪያ ባሏ ጥፋቱን አንድ ቀን አምኖ እንደማያውቅ አልፎ አልፎ ታነሳለች፤ ስታነሳ ደግሞ ሽንኩርቱን ጠንከር አድርጋ ነው የምትከትፈው። የባንቲሁን የእንጨት ሥራ ቤት ከእሷ ምግብ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳውን የሠራው ራሱ ስለሆነ ሳንቃዎቹ አልተገጣጠሙም፤ የእሱ ሰጋቱራ ወደ እሷ፣ የእሷ የጥብስ ሽታ ወደ እሱ ይሻገራል።

ባንቲሁን ጅቡቲ የመጣው ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ነው። ኮምቦልቻ እንጨት ሥራ ተምሮ ነበር፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ወደብ ላይ ጆንያ መሸከም ሆነ። ዓመታት ሲሸከም ቀኝ ትከሻው የበሬ ትከሻ ሆነ። በኋላ ወደ ሙያው ሲመለስ ትከሻውም አብሮት ተመለሰ። መላጊያውን ሲገፋ ቀኙ ይጫናል፣ ግራው ይከተላል፣ የሳንቃው ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ ይወጣል። ይህንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሱ ግን ሲጠየቅ የሚከሰው አየሩን ነው። በሙቀቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ እንጨቱን አጣመመው ይላል። በቀሩት ወራት ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ነው። እኔማ ሰምቼ ሰምቼ ስለሰለቸኝ፣ እሱ ገና አፉን ሳይከፍት «ካምሲን ነው» እያልኩ አስጨርሰዋለሁ።

ይህ ሰው እታለምን ወደዳት። ለመናገር ሲፈራ ሁለት ረመዳን አለፈ። በመጨረሻ ሁላችንም የምናከብራቸውን የጭነት ቢሮ ጡረተኛ፣ ጋሽ ገብረኪዳንን ላከባት። እሳቸውም ምሳ ላይ፣ እኛ ሁላችን ባለንበት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩን አነሱት። እታለም ጭልፋውን ሳታስቀምጥ መለሰችላቸው።

«መጀመሪያ ለሾፌሮቼ ረጅም ጠረጴዛ ይሥራልኝ። ሎሚ ሳስቀምጥበት የሚቆም ጠረጴዛ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ባንቲሁን ከወደብ የዕቃ ሳጥን የተነቀለ ሳንቃ ሰብስቦ ጠረጴዛውን በሳምንቱ አደረሰ። ጋሽ ገብረኪዳን ሎሚዋን መሃል ላይ አስቀመጡ። ሎሚዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ ተነሳች፤ በእኔ ሳህን ጎን አልፋ፣ ጠርዝ ላይ ደርሳ ጭኔ ላይ ወደቀች። ባንቲሁን ወለሉ ነው አለ። ጠረጴዛውን ተሸክመን ሌላ ጥግ ወሰድነው፣ ሎሚዋ እዚያም ሄደች። አስፋልት ላይ አወጣነው፣ እዚያም ሄደች። እሱ ላቡን እየጠረገ ወደ ሰማይ ሲያይ ምን ሊል እንደሆነ ገባኝና ራሴ «ካምሲን ነው» አልኩለት። እታለም ግን አልሳቀችም። አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክር፣ ካልሆነ ከገበያ ፕላስቲክ ጠረጴዛ አመጣለሁ፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል አለች። የሚቀረው ነገር ጠረጴዛው ብቻ እንዳልሆነ ለማንም አልጠፋውም።

በማግስቱ ሙጠሊብ ወደ ባንቲሁን ቤት ጎራ አለ። ሙጠሊብ ጀልባ የሚጠግን አፋር ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይሻላል። መላጊያዋን ገልብጦ አየና መድኃኒቱን ነገረው። ጎኗ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ጣውላ በብሎን ይታሰራል። ያ ጣውላ መሪ ይሆናል፤ የሳንቃውን ፊት ተደግፎ ሲሄድ፣ እጅ ቢያጋድልም መላጊያዋ አትጋደልም። ባንቲሁን ተቀየመ። የእሱ መላጊያ ከመምህሩ የተሰጠችው የእንጨት መላጊያ ናት፤ ኮምቦልቻ የተማረ ሰው ለመላጊያው ምርኩዝ አይሠራም አለው። ሙጠሊብም ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ባንቲሁን ግን ተኝቶ አላደረም። በማግስቱ ቀትር ላይ የዕለቱ ጫት ገብቶ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲያርፍ፣ እሱም በሩን ዘጋ። ከአሮጌ ጀልባ የተረፈ ጠንካራ እንጨት አውጥቶ መሪውን በድብቅ ሠራ፣ መላጊያዋንም ይቅርታ እየጠየቀ ለብሎኑ በሳት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የመሪው ፊት ቀጥ ማለቱን በስኳድራ፣ በማዕዘን መለኪያው፣ ማረጋገጥ ነበረበት፤ የራሱ ስኳድራ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ከሙጠሊብ መዋስ ደግሞ ጥፋቱን ማመን ሆነበት። ስለዚህ መሪውን በዚያችው መላጊያ፣ በዚያው ቀኝ እጁ፣ በዓይኑ እየገመተ ላገው።

ድሮ ሳንቃዎቹ አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ነበር የሚያዘነብሉት። አሁን ሁሉም እኩል አዘነበሉ። በሙጫ አገጣጥሞ ሲያስራቸው ግጥም አሉ፤ ክፍተት የሚባል የለም። ደስ ብሎት ሙጫው እስኪደርቅ መጠበቅ እንኳ አላስቻለውም። ጠረጴዛውን ተሸክመን እታለም ቤት ስናስገባው ግን የሳንቃዎቹ ማዘንበል ተደማምሮ ሁለት ጎኑ ወደ ላይ፣ መሃሉ ወደ ታች ሆኖ አገኘነው። ከሾፌሮቹ አንዱ መቅዘፊያው የት አለ ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ገብረኪዳን ሎሚዋን አስቀመጡ። ሎሚዋ ወደ መሃል ወረደች፣ ወዲያ ወዲህ አለችና ቆመች። እሳቸውም ፊታቸውን ሳይቀይሩ፣ የተባለው ሎሚ የሚቆምበት ጠረጴዛ ነው፣ ሎሚው ቆሟል ብለው ተከራከሩ። ረጅም ክርክር ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እታለም ወጥ ከሁለቱም ወገን ወደ መሃል ሲፈስ ማን እንደሚበላው ጠየቀቻቸውና ጠረጴዛውን መለሰች። ለእሳቸው ሽበት ስትል ግን የመጨረሻ ዕድል ሰጠችው። ባንቲሁን የዚያን ቀን አየሩንም አልከሰሰም። ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ይዞ ወጣ፤ ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ። አሳዘነኝ።

ሙጠሊብ ጠረጴዛውን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ወላሂ፣ እኔ እንዲህ ጎበጥ እንዲልልኝ ስንት እለፋለሁ፣ አንተ ሳትፈልገው አገኘኸው» አለው። ከዚያ ስኳድራውን አምጥቶ መሪው ላይ ደገፈውና በመሃላቸው የገባውን ብርሃን አሳየው። ባንቲሁን መሪውን ላቃና አለ። ለማቃናት ቀጥ ያለ መላጊያ ያስፈልጋል፤ መላጊያዋ ቀጥ እንድትል ደግሞ የተቃና መሪ ያስፈልጋታል። ሁለቱም ተቀምጠው ትንሽ አሰቡበት። በመጨረሻ ሙጠሊብ መሪውን እንዳለ ተወው አለ። ሳንቃዎቹን ፍታቸውና እንደገና ላጋቸው፤ አንዱን በፊቱ፣ ቀጣዩን በጀርባው መሪው ላይ አስደግፍ። አንዱ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ጎረቤቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሲገጠሙ ይቻቻላሉ።

ሦስተኛው ጠረጴዛ የገባው ካምሲን በሚለበልብበት ቀን ነበር። ጋሽ ገብረኪዳን ነፋስ ነው የሚል ሰው እንዳይኖር ብለው ቬንትሌተሩን አስጠፉት። ላባችን እየተንጠባጠበ ቆመን አየን። ሎሚዋ መሃል ላይ ተቀመጠች። አልተነሳችም። ጠርዝ ላይ አስቀመጧት፣ እዚያም ዝም አለች። አንዱ ሾፌር እፍ አለባትና በክርን ተጎሸመ።

እታለም እጇን በጠረጴዛው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደች። ከዚያ ቀና ብላ ባንቲሁንን አየችው።

«እንዴት ቀና?» አለችው። «አየሩ ተሻሽሎ ነው?»

መውጫ ሰጠችው። አዎ ቢል ማንም አይከራከረውም ነበር፤ እኔ ራሴ አዎ በል ብዬ በልቤ ለመንኩት። ባንቲሁን በሩን አየ። ወጥቶ ሄደ። አለቀ ስንል መላጊያዋን ከነመሪዋ ይዞ ተመለሰና ሎሚዋ አጠገብ አስቀመጣት።

«አየሩ ምንም አላደረገኝም፣ እታለም» አላት። «የሚያዘነብለው እጄ ነው። ድሮም እጄ ነበር። ይህን መሪ አስሬ ነው የላግሁት፤ መሪውም ራሱ ጠማማ ነው። ያቃናው ሙጠሊብ ነው።»

እታለም ሎሚዋን አንስታ ለሁለት ቆረጠቻትና ሳህን ላይ በነበረው ዓሣ ላይ ጨመቀቻት። ሳህኑን ወደ ባንቲሁን ገፋችው።

«ጋሽ ገብረኪዳን» አለች፣ «እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዘው ይምጡ።»

ባንቲሁን በደስታ ዓሣውን ሳይነካ፣ ከሠርጉ በፊት በመሃላችን ያለውን ግድግዳ አፍርሼ በወጉ እሠራዋለሁ፣ አንዲት ቀዳዳ አይኖረውም አላት።

«እንዳትነካው» አለችው። «ቀትር ላይ በርህን ዘግተህ፣ መላጊያህን ይቅርታ እየጠየቅህ ስትበሳት በየት ያየሁህ ይመስልሃል? እኔ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»