ለአጎቴ በገና የሚሆን ስፒከር

ማይክሮፎን የሚባል ነገር አገራችን ባይገባ ኖሮ ዛሬ የምንደማመጥ ሰዎች እንሆን ነበር እያልኩ ለዓመታት ስከራከር ኖሬአለሁ። ጽፌበታለሁ፤ በየሠርጉም ተኮሳትሬበታለሁ። ታዲያ ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደብረ ብርሃን፣ ገበያው ዳር ካለ ሱቅ ውስጥ ስፒከር ሳማርጥ ተገኘሁ።

ለዚህ ያበቁኝ የአንኮበሩ አጎቴ ናቸው። በገና ይሠራሉ፤ ይደረድራሉም። ልጅ ሳለሁ ለጾሙ እነሱ ዘንድ ስሄድ፣ አመሻሹ ላይ እሳቸው ከቆላ ባስመጡት ዋንዛ በሠሩት በገና ላይ ጎንበስ ይላሉ፤ ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ምስር ይለቅማሉ። ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ «ወርዷል» ይላሉ። አጎቴ እየተነጫነጩ መቃኛውን ያጠብቃሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ወጣ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሙዚቃ ሂስ አንብቤአለሁ። ከዚህ ያጠረም፣ ከዚህ የከበደም አላጋጠመኝም።

አሁን የእትዬ ጆሮ ከብዷል። በገና ደግሞ የሚያንሾካሹክ እንጂ የሚጮህ ነገር አይደለም። አጎቴ ደውለው «አምና ሁዳዴውን ሙሉ አንዴ እንኳ ወርዷል አላለችኝም» አሉኝ። «ልክ ደርድሬ እንዳይመስልህ። አትሰማኝም።»

ክርክሬን ዋጥ አደረግሁት።

አጎቴ የሚፈልጉት ስፒከሩ ርካሽ እንዲሆን፣ መብራት ስለሚጠፋ በባትሪ እንዲሠራ፣ እትዬም አንድ ቦታ ስለማይቀመጡ በአንድ እጅ የሚነሳ እንዲሆን ነው። በገናቸውን እንደ ታማሚ በጋቢ ጠቅልለው በሚኒባስ ይዘውት መጡ።

ባለሱቁ በመጀመሪያ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ወገብ የሚደርስ ስፒከር ጎተተልን። ከስልኩ የሠርግ ዘፈን ለቀቀበት።

«አባቴ፣ በዚህ ከዘፈኑ ጫጫ ድረስ ይሰማል።»

«ጫጫ ዘመድ የለኝም» አሉ አጎቴ። «እኔ የምፈልገው ከመደቡ እስከ ምድጃው ነው።»

ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ትንሽ አወጣልን። እንጨት ላይ የምትለጠፍ ማይክ ይዤ ነበርና በገናው ላይ ለጠፍኳት። አጎቴ ጋዜጣ በታጨቀበት ካርቶን ላይ ተቀምጠው ደረደሩ። ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ ጥዝ አለ።

ባለሱቁ ፊቱን አጨማደደ። «ይቅርታ፣ ይሄኛው ይንጫረራል» ብሎ ሌላ ቀየረ። እሱም ጥዝ አለ። ሌላ ቀየረ። እሱም። ከዚያ ማይኳን መጠርጠር ጀመረ። አጎቴ መደርደራቸውን ቀጠሉ፤ ኧረ እንዲያውም የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። በእያንዳንዱ ጅማት ሥር አንዲት ቁራጭ ቆዳ አለች። ያ ጥዝታ የሚመጣው ጅማቱ እሷን ሲነካ ነው፤ እሷ ከወጣች በገናው ትልቅ ክራር ነው።

በመጨረሻ ባለሱቁ ከመስታወት መደርደሪያው ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ አወጣ፤ አንድ ሁለት ቁልፍ አዞረ። ጥዝታው ጠፋ። ድምፁ እንደ ዘይት ወረደ።

«ይሄ ነው ጥራት» አለ።

አጎቴ እጃቸውን ከጅማቶቹ አነሱ። «ንቡን አባረርከው» አሉት። «ያን አቧራማውን መልስልኝ።»

«እሱን እኮ ሰው ሁሉ ገዝቶ ነው የሚመልሰው።»

«ሰው በገና የለውማ።»

ያንኑ ቀን አመሻሹ ላይ አንኮበር ገባን። መብራት እንደ ልማዱ የለም። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ምስር እየለቀሙ ነበር። ድሮ በዚህ ሰዓት የምቀመጥባት፣ በሩ አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወይ እሷ አንሳለች ወይ እኔ ሰፍቻለሁ። ስፒከሩን ቀድሜ ከእትዬ አጠገብ፣ ምድጃው ዳር አኑሬው ነበር።

አጎቴ ደረደሩ። ቤቱ በንብ ተሞላ። እትዬ ቀና አላሉም፤ ጣቶቻቸው ምስሩ ላይ ይመላለሳሉ። አጎቴ በእሳቸው ትከሻ ላይ እንዳፈጠጡ አንዱን ጨርሰው ሌላ ጀመሩ። እኔ ባለሱቁ ገንዘባችንን ይመልስልናል ወይ ብዬ ማሰብ ጀምሬአለሁ።

የእትዬ ጣቶች ቆሙ።

«ማነው የቃኘልህ?» አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።

«ማን ይቃኝልኛል? እኔው ነኝ» አሉ አጎቴ ጮክ ብለው።

«ወርዷል።»

አጎቴ መቃኛውን ለመያዝ አልቸኮሉም። «ምን አልሽ?»

«ወርዷል አልኩህ። ደግሞ አንተ ደነቆርክ?»

«አልሰማሁሽም» አሉ፣ እኔ እንኳ በር አጠገብ ሆኜ አጥርቼ የሰማሁትን። «እስቲ ድገሚው።»