ከአየር የሚሠራ ማዳበሪያ

ወታደሮች የወሰዱን ከጓሯችን ነው፤ ከምሳ በፊት። ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። በየፋብሪካው በጋዝና በከሰል የሚሠራውን ማዳበሪያ በፀሐይ ኤሌክትሪክ መሥራት ይቻላል ብሎ ለዓመታት ተመራመረ። አየሩን በመስተዋት ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው አየር ውሃ ውስጥ ሲገባ ለተክል ምግብ ይሆናል። በዚያ ውሃ ያጠጣነው ጎመን ከሌላው በልጦ ነበር። ዓመቱ የሰልፍና የተኩስ ዓመት ስለነበር ወታደሮቹ ያዩት ሽቦ፣ ባትሪና ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ፈንጂ መሰላቸው።

ያሰሩን በአማኑኤል መንገድ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ክፍሉ የነቀዘ ስንዴና ሽንት ይሸታል። ወንዶቹን ከእኛ ከሴቶቹ የሚለየው ቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሰማል።

መርማሪው ባለቤቴን በጠርሙሱ ያለውን ነገር ከምን እንደሚሠራው ጠየቀው።

«ከአየር» አለ።

ያሾፈባቸው መሰላቸው። ዱላው ሲያርፍ ሰማሁ። እሱ ደግሞ ያልገባቸው መስሎት ለጀማሪ ተማሪ እንደሚያስረዳ ከሥሩ ጀመረ። ባቀለለው ቁጥር አብዝተው መቱት።

አጠገቤ የነበሩት ከጉንደ ወይን ከተማ የመጡ እናት በልጃቸው ምክንያት የታሰሩ ናቸው። «ምነው ዝም ቢል፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አይችልም እማማ፤ አስተማሪ ነው» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ እኔን ጠሩኝ። ፈንጂ ሲሠራ አይቻለሁ ብዬ ከፈረምኩ ቤቴ እገባለሁ፤ ካልፈረምኩ ዱላው በእሱም በእኔም ይቀጥላል።

«ጎመን ሲያጠጣበት ነው ያየሁት» አልኩ።

መርማሪው በሰደፍ አገጬን መታኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ አፌ ደም ስለሞላ ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቶቼን በዚያው ሰደፍ ሰበራቸው። አልፈረምኩም።

አመሻሽ ላይ ሴቶቹን ግቢ አውጥተው ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞሩን። ባለቤቴን ወደ መኪና እየጎተቱት ነበር። አንዱ ወታደር «ነፋስ ሻጩ! እስቲ ለእኛም ስፈርልን» ይለዋል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ።

ዞርኩ። ቤታችን ውስጥ አንተ ነበር የምለው።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አልኩ።

በእኛ አገር መምህር ሲያልፍ ጀርባ አይሰጥም። እማማም ዞሩና እጅ ነሡ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ዞሩ። ዱላው ትከሻችን ላይ፣ ጭንቅላታችን ላይ ወረደ፤ እማማ ግንባራቸው ተፈንክቶ ተንበረከኩ፤ ወደ ግድግዳው የተመለሰች ግን የለችም። እሱ ያበጠ ፊቱን በግድ ቀና አደረገ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደህና ዋላችሁ?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሰጡኝ አስከሬኑን ነው።

ዛሬም ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ገበሬውም በጭቃ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። እኔም ብርድ ሲሆን አገጬን ያመኛል፤ እነዚህንም መስመሮች የምጽፈው በተጣመሙት ጣቶቼ ቀስ እያልኩ ነው። ብትፈርሚ ይተርፍ ነበር የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ይሆናል እላቸዋለሁ። ፈርሜ ቢሆን ግን፣ ፊቴ ሲቆም ምን ብዬ እጠራው ነበር?