ድምፅ የሌለው ፍንዳታ

የልብስ ስፌት ቤቴና የቪዲዮ ቤቱ የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ስስ ጣውላ። ስለዚህ ዓለም በጠፋች ቁጥር ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። የጠፈር መንኮራኩር ስትፈነዳ መርፌዬ ትዘላለች፣ ደንበኛዬ ይደነግጣል፣ እኔም «አይዞህ፣ ነጎድጓድ ነው» እላለሁ።

ነጎድጓድ የጎረቤቴ ቅጽል ስም ነው። ሥራው ፊልም መተረክ ነው። ከስክሪኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ፣ በሰው አገር ቋንቋ የሚያወሩትን ተዋንያን በእኛ ቋንቋ ያናግራቸዋል። ሴቷንም፣ ሽማግሌውንም፣ ሮቦቱንም የሚሆነው እሱ ነው። ከሁሉም የሚወደው ግን የጠፈር ጦርነት ነው። የፊልሙ ፍንዳታ ስለማይበቃው የስፒከሩን ድምፅ ይቀንስና በራሱ አፍ ያፈነዳዋል፤ ጉንጩን ነፍቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ማይኩ በምራቅ እስኪርስ ድረስ። ሰውም የሚመጣው ለዚያ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግማሹ ፊልም ለራሱም አይገባውም፤ ያልገባውን ግን ደፍሮ ይሞላዋል። «ይህ ጥቁር ጉድጓድ ጠላት የቆፈረው ወጥመድ ነው» ሲል የሚጠራጠር አልነበረም።

አንድ ልጅ አለችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያደገችው እዚያው ጨለማ ውስጥ፣ ከበርጩማው አጠገብ በተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ነው። እሱ ሊያፈነዳ ጉንጩን ሲነፋ፣ እሷ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና ትስቅ ነበር። ከፍ ስትልም ጉሮሮው መድረቁን አውቃ ውኃ የምታቀብለው እሷ ናት። እሷ ሳትቀመጥ ትረካ ጀምሮ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህሩ ስለ ድምፅ ሲጠይቅ ልጅቷ ብድግ አለች። የጠፈር ፍንዳታ ከምድሩ እንደሚበልጥ፣ ቦታው ሰፊ ስለሆነ በደንብ እንደሚያስተጋባ አስረዳች።

«ማን አለሽ?» አላት አንዱ ከኋላ።

«አባቴ ነው ያለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ዝም አሰኝቷቸው ነገሩን በትክክል አስረዳ፤ ግን የተሳቀው ተስቋል። በእረፍት ሰዓት በአፋቸው እያፈነዱ ተከተሏት። ስትመለስ አባቷ ላይ ስትጮህ በጣውላው ሰማሁ።

«ጠፈር ላይ ድምፅ የለም አባዬ! አየር የለማ!»

«እንዴት አይኖርም? እስከ ዛሬ የሰማሽውስ?»

«የሰማሁት አንተን ነው!»

ከዚያ ወዲያ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ዝር አላለችም። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ፤ ሊቀመጥበት የሞከረውን ሁሉ ነጎድጓድ ገፍቶ ያስነሳል። ፍንዳታውም ሟሸሸ። መርፌዬ መዝለሏን ስታቆም ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ።

«ሥራው ቢቀርብኝ እችለዋለሁ» አለኝ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሞ። «ልጄ በእኔ አፍራ መኖሯን ግን አልችለውም።»

«ሂድና መምህሩን ጠይቀዋ።»

«ብቻዬን? ተማሪ ቤት?»

ስክሪን ሙሉ ጭራቅ የማይፈራው ሰውዬ የትምህርት ቤት በር ፈርቶ እኔን ጎትቶኝ ሄደ።

መምህሩ እጅጌው ጠመኔ የለበሰ ቀጭን ወጣት ነው። አልሳቀብንም። ጠረጴዛው ላይ ስፖንጅ አነጠፈ፣ ጩኸታም የደወል ሰዓት አስቀመጠበት፣ ከላይ ወፍራም የብርጭቆ ክዳን ደፋ። ሰዓቱ ያቃጭላል። ከዚያ ከሥሩ በወጣው ቱቦ አየሩን በእጅ ፓምፕ ይስብ ጀመር። ጩኸቱ መጀመሪያ ወደ ኮሪደሩ የወጣ መሰለ፤ ቀጥሎ ወደ ግቢው፤ ቀጥሎ ጆሮ ካልለጠፉ የማይሰማ ሆነ። የሰዓቱ ትንሿ መዶሻ ግን አላቆመችም፤ ቃጭሏን እንደ እብድ ትደበድባለች። እናያታለን፣ አንሰማትም።

ነጎድጓድ ክው አለ። «ተበላሸ?» አለ በሹክሹክታ። መምህሩ ቱቦውን ሲከፍተው አየሩ ፊሽ ብሎ ገባ፣ ጩኸቱም ተመልሶ መጣ።

«ይድገሙት እስቲ ቲቸር።»

ደገመው።

«ይቅርታዎን፣ አንዴ ብቻ።»

አሁንም ደገመው። ነጎድጓድ አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ ቀረ። እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር።

«ድምፅ የአየር መገፋፋት ነው» አለ መምህሩ። «ወረፋ ላይ ከኋላ ሲገፉ ግፊያው ፊት ድረስ ይደርሳል አይደል? ሰው ከሌለ በምን ይደርሳል?» በመስኮቱ ወደ ሰማይ አመለከተ። «ፀሐይ ያለ ማቋረጥ እየፈላች ነው። በመሃላችን አየር ቢሞላ ኖሮ ጩኸቷ አያስተኛንም ነበር። ባዶው ነው ጸጥ ያሰኘልን።»

ነጎድጓድ ስለ ጥቁሩ ጉድጓድም ሳይጠይቅ አልወጣም። ግዙፍ ኮከብ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ተደርምሶ የሚፈጠር እንጂ ማንም የቆፈረው እንዳልሆነ ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው።

ግቢው መሃል ስንደርስ ቆመ፤ ዓይኑን በእጁ ጋርዶ ቀና አለ። «ያ ሁሉ እሳት» አለኝ፣ «ያ ሁሉ እሳት እላያችን ላይ እየፈላ፣ እኛ ልብስ እናሰጣለን።» እኔም ቀና አልኩ። ዕድሜ ልኬን በብርሃኗ ስሰፋ ኖሬ ያን ቀን ፈራኋት። ደስ የሚል ፍርሃት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ፊልሙ የጠፈር ጦርነት ነው። ነጎድጓድ ሁሉንም ሆኖ አወራ፣ አለቀሰ፣ ፎከረ። ትልቋ መንኮራኩር ልትፈነዳ ስትል አዳራሹ ጆሮውን አዘጋጀ። እሱ ጉንጩን ነፋ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አስተነፈሰና ማይኩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ስፒከሩንም ዘጋ።

መንኮራኩሯ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ኮሽታ የለም።

«ድምፅ! ድምፅ!» ተባለ። ፉጨቱ ቀለጠ። ነጎድጓድ ማይኩን አነሳ።

«ስፒከሩ አልተበላሸም» አለ። «እዚያ አየር የለም። አየር ከሌለ ድምፅ የለም። ፀሐይ ራሷ እየፈላች የማንሰማት ለዚህ ነው።»

አፌ አያርፍም፤ እኔ ነኝ የጮህኩት፦ «ማን አለህ?» መምህሩን ሊጠራ ነው ብዬ ነበር።

«ልጄ ነች ያለችኝ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ብረቱ እየተቀደደ፣ ሰዎቹ እየተበተኑ፣ ከዋክብቱ ከኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቁጭ ብለው፣ ሁሉም በጸጥታ ሆነ። ስንት ፍንዳታ በዚያ ጣውላ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያስደነገጠኝ የለም።

ያኔ የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። ለካ ልጅቷ ከውጭ ቆማ ስትሰማ ኖራለች፤ በሰዎች መሃል አልፋ መጥታ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች። እሱ ዞር ብሎ አላያትም፤ በርጩማውን ግን ወደ ሳጥኑ ጠጋ አደረገ።

በስክሪኑ ላይ የመንኮራኩሯ ስባሪ እየተንከባለለ አንዲት ደመናማ ፕላኔት ውስጥ ገባ። ልጅቷ ጉልበቱን ነካ አደረገችው።

«አባዬ» አለች፣ «አሁን አየር አለ።»

ነጎድጓድ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጠፈ፣ ጉንጩን ነፋ። እሷ እጆቿን ጆሮዋ ላይ ጭና እየሳቀች ነበር።