ላልተማረ ሰው የተሰቀለው ሰሌዳ

ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ የወጣሁ ቀን አለቃው የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ባለ የጭነት መጋዘን ካርቶን በትከሻዬ የምሸከም ጫኝ ነበርኩ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ሹካውን ካርቶን ሳትበሳ ከፓሌቱ ሥር ማስገባትስ?»

«እሱን እችላለሁ።»

«በቃ ውጣ።»

ሹካ የምንለው ፓሌቱን፣ ዕቃ የተደረደረበትን የእንጨት ርብራብ፣ የሚያነሱትን ሁለት ብረቶች ነው። ሃያ ምናምን ዓመት በነሱ ኖርኩ።

ማንበብ የተማርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። የዕውቀት ፍቅር አልነበረም ያስገባኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የፈረቃ ዝርዝር አንብቡልኝ ባልኩ ቁጥር የሚሳለቁብኝ ሰዎች አንገሽግሸውኝ ነው።

ድርጅቱ ሹፌሮችን በየዓመቱ ኦሎምፒያ ወዳለ ክሊኒክ ለዓይን ምርመራ ይልካል። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰሌዳ አለ። ፊደል ያለበት ለተማረ ሰው ነው። ሌላው ላልተማረ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ምልክት ተደርድሮበታል፣ ባለሙያው በዘንግ ሲጠቁም እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ ትናገራለህ። ፊደል ሳላውቅ ስንት ዓመት ስላየሁት እንደ ዳዊት እደግመው ነበር።

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ግራ ዓይኔ ላይ ጉም ወረደ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከኔ በፊት ጉልበቴን አመመኝ ያለ ሹፌር በሳምንቱ ዱላ ይዞ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። በጥበቃ ደሞዝ ደግሞ የኔ ቤት አይኖርም። ምርመራው ሲደርስ ፊደል አላውቅም አልኩ። ያልተማረውን ሰሌዳ በቃሌ ወጣሁት። በዓመቱም እንዲሁ።

አዲሱ አለቃችን አቶ ሲሳይ በልጄ ዕድሜ ነው። አንድ ቀን፣ «ጋሼ ደምሴ፣ ለወጣቶቹ ቦታ ቢለቁ ምን አለበት?» አለኝ።

«ወጣቶቹ እኔ ቤት ነው የሚበሉት» አልኩት። ሁለቱ ልጆቼ ዲፕሎማቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሥራ ይጠብቃሉ።

የአበባ ጭነት በበዛበት ሰሞን ነው። ፓሌት አንስቼ ወደ ግራ ስዞር የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቼከሯ ብርቱካን፣ ዕቃውን ከወረቀቱ ጋር የምታመሳክረው ልጅ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። የያዘችው የወረቀት መያዣ ሰሌዳ ጎማዬ ሥር ደቋል። ሹካው ከወገቧ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ጋሼ! አላዩኝም እንዴ?»

«አንቺ ነሽ የማታዪው! መንገድ ላይ ምን ይገትርሻል?»

መንገድ ላይ አልነበረችም። ከቢጫው መስመር ወዲያ፣ በቦታዋ ነበረች። አቶ ሲሳይ ግን የኔን ቃል ይዞ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፤ ሌላው እንዲማርበት ብሎም ለጠፈው። ፊት ለፊቱ ቆሜ በቀኝ ዓይኔ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ማንበብ በመማሬ የተጸጸትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብርቱካን ሰላምታዋን አቆመች። እኔም ዝም አልኩ፤ ከተናገርኩ ወንበሩ ይሄዳል።

ምርመራው ደረሰ። ባለሙያዋ አዲስ ናት፣ ልጅ እግር። ፊደል አላውቅም አልኳት። ቀኝ ዓይኔን ሸፈነችው።

«ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ...»

«አባባ፣ እኔ እኮ ገና አልጠቆምኩም።»

ዓይኗ ከኮቴ ኪስ ብቅ ያሉት ጋዜጣና መነጽር ላይ አረፈ።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውን ጋዜጣስ ማን ያነብልዎታል?»

«ልጆቼ።»

«የንባብ መነጽሩንም እነሱ ናቸው የሚያደርጉት?»

ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ በመብራት አየችኝ።

«ሞራ ነው። ይገፈፋል። እርስዎ እኮ የሚድን ነገር ነው የደበቁት። ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሁለት ዓመት።»

«እየነዱ?» ሳቋ ጠፋ።

ከኦሎምፒያ እስከ መጋዘኑ ወረቀቱን ይዤ በእግሬ ሄድኩ። «ሞራው እስኪገፈፍ ማሽን መንዳት አይችልም» ይላል። ቀድጄ ብጥለው ሌላ እስኪላክ ጥቂት ሳምንት አተርፋለሁ። ያ ሹካ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ወረቀቱን አቶ ሲሳይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «የብርቱካንም ማስጠንቀቂያ የኔ ነው። በቦታዋ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያላየኋት።»

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ወንበሩን እንዳትወስድብኝ።»

«አሁንም እኮ እወስደዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

የሷን ደብዳቤ አንስቶ የኔን ለጠፈ፤ እኔን በር ላይ አቆመኝ። ሞራው አንድ ጠዋት እንኳ ሳይፈጅ ተገፈፈ። ባለሙያዋ መንዳት ይችላል ብላ ፈረመች። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ቦታው ተይዟል፣ ጋሼ። ጡረታዎም ደርሷል» አለኝ። ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር። ሁለቱንም ዓመት፣ የመኪና ታርጋ ከሩቅ በሚያነቡ ደህና ዓይኖች፣ በር ላይ ቆምኩ። በዲፕሎማቸው ሥራ ያላገኙት ልጆቼ ቀን ሠራተኛ ሆነው ቤቱን ደገፉ።

ብርቱካን ወራት ቆይታ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አዩኝ?»

«ከአስፋልቱ ማዶ ጀምሬ።»

ማሽን ላይ ላላችሁ፣ ዓይናችሁ ሲደክም ተናገሩ። ብትናገሩ ወንበሩን ልታጡ ትችላላችሁ፤ እኔ አጥቻለሁ። ሰው ሳትገጩ እጡት።