ካርቱም ላይ ሰዓት የሞላሁ ለታ

ልነሳ በዋዜማው ማታ እንጅባራ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እኔ ሻንጣዬን እጠቀጥቃለሁ፤ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዕቃዬን አንድ በአንድ ያያሉ። ብሎን መፍቻዬን አይተው አለፉት። ላጲሱን ሲያዩ ግን አልቻሉም።

"አንተ ልጅ፣ ሱዳን የምትሄደው ሥራ ፍለጋ ነው አንደኛ ክፍል ልትገባ?"

"አባባ፣ የኮምፒውተር መድኃኒት እኮ ነው!" ብላቸው አላመኑኝም።

በመተማ አድርጌ ካርቱም ገባሁላችሁ። ኧረ የሙቀቱ ነገር! እኛ አገር በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ እዚህ ግድግዳው ራሱ ያተኩሳል። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሲያዩት እንጀራ፣ ሲያነሱት ወረቀት። አከራዬን "ክፍሉ መስኮት የለውም እኮ" ብለው፣ "ሙቀቱ እንዳይገባብህ አስቤልህ ነው!" አለኝ። ምን ትሉታላችሁ?

የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል።

"ሞክር። ከወደድኩህ ለመኖሪያ ፈቃድህ እፈርማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዱ እስኪያልቅ አገሬ ልሂድ ማለት የለም። ካልወደድኩህ የመተማን መንገድ ታውቀዋለህ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የአንድ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ነበር። ሲያበሩት ስክሪኑ ጨለማ፤ ብቻ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ጀማሪዎች፣ አትደንግጡ! ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ ማለት ነው፣ "ሚሞሪዬን አላገኘሁትም" እያለ ነው። ሚሞሪውን ነቀልኩት፤ ወርቃማ ጥርሱን አቧራ ለብሶታል። በላጲሴ ፈተግ ፈተግ፣ እፍ፣ ቀጭ እስኪል መልሼ ሰካሁት። በራ!

"በላጲስ?!" አሉ ሐጂ። እኔማ ልበር ምንም አልቀረኝም።

ማሽኑ ግን ቀኑ ጠፍቶበታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስትሞት ሰዓትና ቀን ይረሳል። ባትሪዋን ቀየርኩ፤ ባዮስ ገባሁ፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ነው። ሰዓቱንና ቀኑን ሞልቼ አስረከብኩ።

በማግስቱ ደንበኛው እየጮኸ መጣ። "አንዱም ገጽ አልከፍት አለኝ! ሁሉንም አደገኛ ነው ይለኛል!"

ሐጂ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "የመተማን መንገድ ታውቀዋለህ አይደል?"

ወደ ማሽኑ ሮጥኩ። ባዮስ ገብቼ ሰዓቱን አየሁ፣ ትክክል። ዓመቱን አየሁ፣ ትክክል። ወይ ጉዴ! ትክክል ለእንጅባራ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ፣ የእኛን ወር፣ የእኛን ዓመተ ምሕረት ሞልቼበታለሁ። ምስኪኑ ማሽን ዓመታት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የገጾቹ የደህንነት ማረጋገጫ ገና ያልወጣ እየመሰለው በሩን ይዘጋባቸዋል።

አስተካክዬ ለደንበኛው ሲከፈትለት ለሐጂ እውነቱን ነገርኳቸው።

"ማለት፣ አገርህ ብሄድ ሰባት ዓመት ወደ ልጅነቴ እመለሳለሁ?"

"እንዴታ ሐጂ!"

"ጥርሴስ?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እየሳቁም ፈረሙልኝ!

ሮጬ ለአባባ ደወልኩ። "ፈረሙልኝ አባባ! ላጲሱም ሠራ!"

"ተመስገን! እዚያ ስንት ሰዓት ነው ልጄ?"

"በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት።"

"እዚህም አንድ ሰዓት ነው እኮ!" ያኔ የሱዳን ሰዓት ከእኛው እኩል ነበርና ደስታቸው ልክ አጣ። "እኔ ደግሞ የራቅህ መስሎኝ! በል ለእራት ድረስ፣ ድንቹ ተጥዷል።"

ፈቃዱ እስኪያልቅ አገሬ ልሂድ የማያሰኘው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው።

"እሽ አባባ፣ ሳልደርስ እንዳትበሉብኝ" አልኳቸውና ድምፄ ሳያሳብቅብኝ ቶሎ ዘጋሁት።