ምን አለች?

ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። ልጆቹ «እትዬ ቀዮ» ይሏታል፤ መልኳ ቀይ ሆኖ ሳይሆን ቀይ እስክሪብቶዋ ከእጇ ስለማይለይ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ መልአከ ሞት የጥሪ ወረቀት ቢልክልሽ አርመሽ ነው የምትመልሺው» እያለ ይቀልድባት ነበር። ጡረታ ወጥታ ቤት መዋል ሲያንገሸግሻት፣ ለስደተኛ ልጆች በተከፈተው ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ትምህርት ቤት ገባች።

እዚያ ልጆቹ በየቀኑ ስለ ቤተሰባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ እሷ ታርማለች። የልጆቹ አማካሪ «የልባቸውን ይተነፍሱበታል» ብላ ያመጣችው ዘዴ ነው።

አንድ ሰኞ አክስቷ እጇን ይዛ ያመጣቻት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክፍሉን ተቀላቀለች። ሲሰደዱ ታላቅ እህቷ ወንዝ ዳር ከጠፋች ወዲህ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ደብተሯ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ጻፈች፦ «እህቴ አለች።»

ለእትዬ ቀዮ ዓረፍተ ነገሩ ያላለቀ መሰላት። ከሥሩ በቀይ ጻፈችበት፦ «ምን አለች?»

ማክሰኞ መልሱ መጣ። «ይበርዳል አለች።» ረቡዕ፦ «ግድግዳው አረንጓዴ ነው አለች።» ሐሙስ፦ «ደወል ሲመታ ወጥተን እንቆጠራለን አለች።» መምህርቷ ደስ ብሏት በየሥሩ «ጎበዝ» እያለች ጻፈች። ግን የከነከናት ነገር ነበር፤ ፊደሎቹ ከቀን ወደ ቀን ወደ ግራ ይዘምማሉ። ልጅቷም ከመጻፏ በፊት ጆሮዋን የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ትቆያለች። ከቆርቆሮው ማዶ ደግሞ ባዶ ሜዳ እንጂ ሰው የለም።

ዓርብ ጠዋት አማካሪዋ የጠፋችውን እህት የፍለጋ ፋይል ይዛ ከአክስቲቱ ጋር መጣች።

«እዚህ ላይ ሞታለች ብለው ከፈረሙ ፍለጋው ዛሬ ይዘጋል። ልጅቷም ቁርጧን አውቃ አልቅሳ ይወጣላታል።»

አክስቲቱ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

«ኧረ ትንሽ ቆዩ!» እትዬ ቀዮ ደብተሩን ይዛ ቀረበች። «እህቷ የነገረቻትን እያስታወሰች እየጻፈች እኮ ነው። ነይ የኔ ልጅ፣ እስቲ የመጀመሪያዋን አንብቢላቸው።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። «እህቴ አለች።» «ለ»ን አጥብቃ ነበር ያነበበችው።

መምህርቷ ገና አሁን ገባት። ማጥበቅና ማላላት ወረቀት ላይ አይታይም እያለች ሠላሳ ዓመት አስተምራ፣ ራሷ አላልታ አነበበችው! ልጅቷ የጻፈችው፣ እህቴ አልሞተችም ነው።

«ታዲያ ከዚያ ወዲህ የጻፍሽው ሁሉ?»

«እርስዎ ጠየቁኛ፣ እትዬ። እኔም ጠየቅኋት።»

አክስቲቱ ደብተሩን ነጥቃ ገጹን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ የዚች ጽሑፍ አይደለም። ግራኟ ትልቋ ናት።» እስክሪብቶውን እንደ እሳት ጣለችው። «አልፈርምም!»

«እሺ፣ አይፈርሙ» አለች አማካሪዋ። «ግን አድራሻ የለ፣ ምልክት የለ፤ የት ብለን እንፈልጋት?»

እትዬ ቀዮ ደብተሩን ተቀብላ በቀዩ እስክሪብቶ ጻፈችበት። አሁን ግን ስህተት እንዳይኖር፣ ጮክ ብላ፣ «ለ»ን አጥብቃ አነበበችላት።

«የት አለች?»

ልጅቷ ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች። ቆየች። ከዚያ እርሳሷን አነሳች፤ በግራ እጇ።